ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ስላለው መንገድ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያሰማው ንግግር)



እንደዚህ ባለው የደስታ ቀን ለንግግር የሚቆም ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር ነው። ሁለቱም መልካም አርእስቶች ናቸው፤ ከእኔ በፊት የተነሡት ጓደኞቼም አሳምረው ተናግረውባቸዋል። እኔ ግን በክፍሌ ተማሪዎች ተመርጬ እንድናገር የታዘዝሁት ዝቅ ስላለ ነገር ነው፤ ይኸውም ዛሬ ጧት ሁላችንም ወደዚህ አዳራሽ ለመግባት ስላቋረጥነው አስፋልት ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎች አፍ እንደሰማነው፥ ይህ ትምህርት ቤት ሲከፈት በበሩ ፊት ያልፍ የነበረው የጥርጊያ መንገድ ነበር። በማለዳም ከመኪና ይልቅ እንጨት የጫነ አህያ ይበዛበት ነበር ይባላል። ትምህርት ቤቱ በሩን ወደ መንገዱ የከፈተው እንግዲህ ለዚያ ዘመን እግረኛና ለዚያ ዘመን አህያ ነው። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፤ ወዲህ ሁለት መኪና፥ ወዲያ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይሄድበታል፤ አሸዋ የጫነው ሲኖትራክ፥ ኦቶቡሱ፥ ታክሲው፥ ባጃጁ በአንድነት ይጋፉበታል። በራችን ግን ያው በፊት የነበረበት ቦታ ላይ ነው። መንገዱ መስፋቱን አልጠላንም፤ ብዙዎቻችን በእርሱ ላይ በሚሄደው ታክሲ ነው የምንመጣው። ነገር ግን መንገዱ ሲሰፋ የሚያቋርጠው ሰው እርምጃ አብሮ እንደማይሰፋ ማን እንዳሰበበት አይታወቅም።

የሰፈራችን ነዋሪዎች ይህን ነገር ለወረዳው ስብሰባ ሁለት ጊዜ አቅርበውታል። ሦስተኛውም ስብሰባ ቀርቧል። የንግግሬም አሳብ ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተነገረው ነገር ስለ ምን ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ፥ በሦስተኛውስ ጊዜ ፍሬ እንዲሰጥ እንደምን አድርጎ መናገር ይቻላል?

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣውን ቁጥር ልንገረው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ ላይ ሞተዋል፤ በቀን ቢከፈል ከ3,200 ይበልጣል። ከመቶ 92ቱ የሞቱት እንደኛ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ5 ዓመት እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥም የሰውን ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚገድለው ይኸው የመንገድ ሞት ነው። ከ5 እስከ 29 ማለት እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ፥ የታናናሽ ወንድሞቹና እኅቶቹ፥ ከወጣት መምህራኖቻችንም ጥቂቶቹ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በመኪና ተገጭተው ከሚሞቱት የሚበዙት በመኪናው ውስጥ የተቀመጡት አይደሉም፤ በእግራቸው የሚሄዱት ናቸው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ አንዲት የ9ኛ ክፍል እኅታችን እዚሁ በሩ ፊት ተገጭታ እግሯ ተሰብሯል። ዛሬ በመካከላችን ተቀምጣለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ስለ ለመነችኝ አልጠራውም።

አሁን የፊዚክስ መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልኝና ከትምህርታቸው ጥቂት ልዋስ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አንድ ልጅ ወደ መንገዱ ስትገባ ቢያይ፥ ዓይኑ አይቶ፥ አሳቡ አስቦ፥ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ ድረስ አንዲት ሴኮንድ ያህል ታልፋለች። መኪናው በዚያች ሴኮንድ ምንም ሳይቀንስ 14 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም፥ አስፋልቱ ደረቅ ፍሬኑም ደኅና ቢሆን፥ ሌላ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ነው የሚቆመው፤ በጠቅላላው 28 ሜትር መሆኑ ነው። ያው መኪና በ30 ኪሎ ሜትር ቢመጣስ? በማሰቢያዋ ሴኮንድ 8 ሜትር፥ በፍሬኑ 5 ሜትር፥ በጠቅላላው 13 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ልብ አድርጉ፤ በ30 የሚመጣው ፈጽሞ በቆመበት ስፍራ ላይ በ50 የሚመጣው ሾፌር ገና ፍሬኑን አልረገጠም። ልጅቱ 13 ሜትር ከሚበልጥ ጥቂት ርቃ ብትቆም፥ አንደኛው ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ ይቆጣታል፤ ሁለተኛው በሙሉ ኀይሉ ይደርስባታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የልጅቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ የ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ በሠራንበት ቀን ክፍሉ ዝም ብሎ ነበር። በክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ የፍሬኑ መንገድ ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ከክፍላችን አራት ተማሪዎች ከወላጆቻችን ጋር ገብተን ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ስብሰባው የተጠራው ለሦስት ሰዓት ሲሆን የተጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የመንገዱ ነገር ከጽዳቱ፥ ከውሃው መቋረጥና ከጥበቃው መዋጮ ቀጥሎ፥ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ተጽፎ ነበር። እስኪደርስለት ድረስ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል።

አንድ አረጋዊ አባት ተነሥተው በመጀመሪያ ጉባኤውን መረቁ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ባሕር ዛፍ ብቻ የነበረበትን ዘመን፥ ጅብ በየት በኩል ይመጣ እንደነበረ ሳይቀር ነገሩን። መስማቱ ደስ ያሰኛል፤ ጊዜው ግን አለቀ። ቀጥለው አንዲት እናት «ልጆቻችን አለቁ፥ ኧረ የመንግሥት ያለህ!» ብለው ሲናገሩ እንባ ተናነቃቸው። ሌላው ሰው ጥፋቱ የሾፌሮቹ ነው፥ ሁሉም ጫት ይዘው ነው የሚነዱት አለ። አራተኛው የለም፥ ጥፋቱ ስልካቸውን እያዩ የሚሻገሩት ተማሪዎች ነው ሲል ሁላችን ወደ መሬት አየን። አምስተኛው ሁሉም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሰብሳቢው «አሳባችሁን ተቀብለናል፤ ለሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን፤ በጀት ሲፈቀድ ይታያል» አሉ፤ ተጨበጨበም። የተጨበጨበው ስለ ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሰብሳቢውን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። በእርሳቸው ቦታ የተቀመጠ ሰው በዚያ ቀን በቃለ ጉባኤው ላይ ሊጽፍ የሚችለው «ነዋሪው በመኪና መማረሩን ገልጿል» የሚል ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ መሐንዲስ ዘንድ ቢደርስ ምን ይሠራበታል? ምሬት እውነተኛ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምሬት ቦታና ሰዓት ካልተጻፈበት በመዝገብ ቤት ተኝቶ ይቀራል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ በሽታችንን አልሸሸግንም፤ ጮኸንበታል፤ ግን የት ላይ እንደሚያመን አልተናገርንም።

የት ላይ እንደሚያም የሚያውቅ ሰው ደግሞ በስብሰባው አልነበረም። ከበራችን ማዶ በመንገዱ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድረው በጉሊት የሚውሉ እናት አሉ። ከስብሰባው በኋላ ሄደን «እማማ፥ ይህ መንገድ ከሁሉ የሚከፋው መቼ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽንኩርት እየመዘኑ፥ ቀና እንኳ ሳይሉ ነገሩን። ክፉው ሰዓት ጧት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ነው አሉ። ታክሲው ሰው ለማውረድ የሚቆመው በዜብራው ላይ ነው፤ ልጁ ታክሲው ስለ ቆመለት መስሎት በፊቱ ያልፋል፤ ከታክሲው ጎን በሁለተኛው መሥመር የሚመጣው መኪና ግን ልጁን አያየውም፥ ልጁም መኪናውን አያየውም። «ያቺንም ልጅ እንዲሁ ነው ያገኛት» አሉን። ቀጥለውም ቦዩ በቆሻሻ ስለ ተደፈነ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው የእግረኛውን መንገድ እንደሚሸፍነው፥ በዚህም የተነሣ ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ እንደሚወርድ፥ የዜብራውም ቀለም ከጠፋ መሰንበቱን ነገሩን። ሁለት ስብሰባ ሙሉ ያልተነገረውን እርሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ስለ ምን ወደ ስብሰባው እንዳልመጡ ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፥ ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው» አሉ።

ይህ መከራ በእኛ ሰፈር የተጀመረ አይደለም፤ ነዋሪዎች ለመንግሥት አቤት ብለው መንገዳቸውን ያስለወጡበት አገርም አለ። እኛ በቤተ መጻሕፍቱ ስንፈልግ ካገኘነው ሁሉ ይበልጥ የያዘን የሆላንድ ታሪክ ነው። ዛሬ ሆላንድ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ብስክሌትን ነው፤ ልማዱም ከጥንት ጀምሮ ሳይናወጥ የኖረ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱ ስትበለጽግ መኪና በዝቶ፥ ከተሞቹም ለመኪና ሲሉ ቤት ማፍረስ ጀምረው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የተገጨች የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ቪክ ላንገንሆፍ ጋዜጠኛ ነበር። በ1972 ዓ.ም. «ደ ታይት» በተባለው ጋዜጣ ላይ «የሕፃናትን ግድያ አቁሙ» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ወላጆችም ተባብረው እንዲነሡ ጠራ። ቃሉ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰውም ሳይከብደው አልቀረም። እኛ በቋንቋችን «አደጋ ደረሰ» እንላለን፤ ነገሩ በገዛ እግሩ የመጣ እንግዳ ይመስል፥ ማንም ሳይልከው። ያ አባት ግን ይህን ቃል እምቢ አለ። ነገሩ ምክንያት አለው፥ ምክንያቱም በሰው እጅ የተሠራ ነው፥ በሰው እጅ የተሠራውን ሰው ሊለውጠው ይችላል ማለቱ ነበር። ጽሑፉን ካነበቡት ወላጆች አንድ ማኅበር ተቋቋመ፤ ስሙም ያው የጽሑፉ ርእስ ሆነ።

የማኅበሩ ሰዎች ያደረጉት ነገር ጩኸት ብቻ አልነበረም። ሰው የሚሞትባቸውን ቦታዎች ለይተው በዚያ ላይ ቆሙ፤ በብስክሌት ሰልፍ ወጡ፤ ልጆች እንዲጫወቱ መንገዶችን ለአንድ ቀን ዘግተው ጠረጴዛ ዘርግተው በመንገዱ ላይ ምሳ በሉ፤ እየዘመሩም እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እስከ ዮፕ ደን ኡይል ቤት ድረስ ሄዱ። ቆይቶም መንግሥት ራሱ ለማኅበሩ ገንዘብ ይሰጠው ጀመር፤ ምክንያቱም ማኅበሩ ከጩኸት አልፎ መንገድ እንዴት መሠራት እንዳለበት አሳብ የሚያቀርብ ሆኖ ነበር።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የልጆቹ ነገር ነው። በአምስተርዳም ደ ፓይፕ የሚባል ቤቶቹ የተጠጋጉበት፥ ግቢ የሌለው ያረጀ ሰፈር አለ። በ1972 ዓ.ም. የዚያ ሰፈር ትምህርት ቤት ልጆች መጫወቻ ስላጡ፥ መንገዱን ሁሉ መኪና ስለ ያዘባቸው፥ ከመምህራቸው ጋር ሆነው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ፊርማ ሰበሰቡ። አንድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእነርሱ እንዲለቀቅላቸውም ጠየቁ። የዚያኑ ጊዜ የተነሣ ፊልም ስላለ ሁሉን ማየት ይቻላል። ልጆቹ መንገዱን በእንጨት ዘግተው ቆመው ሳሉ አንድ የተቆጣ ባለመኪና ወርዶ መከልከያውን እያነሣ ሲወረውር ይታያል፤ ከሰፈሩ ሰዎች ጋርም ተያያዘ። ጠቡ የሚያምር ነገር አይደለም፤ እኛም እንደዚያ ልናደርግ አንመክርም። ነገር ግን ልጆቹ በመጨረሻ የጠየቁትን መንገድ አገኙ። የጠየቁት «የትራፊክ ችግር ይወገድልን» ብለው አለመሆኑን ልብ አድርጉ፤ ስም ያለውን አንድ መንገድ ነው።

በዚያው ዘመን ዴልፍት በሚባል ሌላ ከተማ መሐንዲሶች አንድ አዲስ ዓይነት መንገድ ሠሩ፤ በቋንቋቸው «የመኖሪያ ግቢ» ብለው ጠሩት። በዚህ መንገድ መኪናው አይከለከልም፤ ነገር ግን መንገዱ ስለ ተጠማዘዘ፥ ዛፍና አግዳሚም በመካከሉ ስለ ተተከለ፥ ሾፌሩ ቢፈልግም ሊፈጥን አይችልም። በ1976 ዓ.ም. ነገሩ በሕግ ተደነገገ፤ መኪናም በዚያ ሲያልፍ በእግረኛ እርምጃ እንዲሄድ ታዘዘ። በ2023 ዓ.ም. በሆላንድ መንገዶች የሞቱት ሰዎች 684 ነበሩ፤ ሕዝቡም መኪናውም ከ1971 ዓ.ም. ይልቅ እጅግ በዝቶ ሳለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የወላጆቹ ማኅበር ብቻ ሥራ ነው ብል እዋሻለሁ። የመኪና ቀበቶ መጥቷል፥ ጠጥቶ መንዳት በሕግ ተከልክሏል፥ የብስክሌት መንገድ ለብቻ ተሠርቷል፥ ሕክምናውም ተሻሽሏል። ነገር ግን ወላጆቹና ልጆቹ ባይነሡ ኖሮ ይህን ሁሉ የሚያስጀምር ሰው በቶሎ ባልተገኘም ነበር።

እዚህ ላይ «እነርሱ ሀብታሞች ናቸው፥ እኛ ግን ድኾች ነን» የሚል ይኖራል። በስብሰባውም ተብሏል። እውነት ነው፥ የእኛ መንገድ የደ ፓይፕ ጠባብ መንገድ አይደለም፤ ሲኖትራክ የሚያልፍበትን ታላቅ መንገድ ለጨዋታ ዝጉልን ብንል ይሳቅብናል፥ መሳቅም ይገባል። ነገር ግን ድኽነት የማይከለክለው ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ እሑዶች ታላላቅ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለሕፃናት ሲለቀቁ አይተናል፤ ብዙ ልጆችም በአስፋልት ላይ ያለ ፍርሃት ሲሮጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። በለገሃር መጋጠሚያም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእግረኛ ቦታ የተለየው በአብዛኛው በቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ድልድይ አይደለም፥ ዋጋው አነስተኛ ነው። የሕዝቡ ልማድ አይለወጥም የሚለውም አሳብ አያሳምነኝም። በ1956 ዓ.ም. የአገራችን መኪና ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነዳ ሲታዘዝ አያቶቻችን የለመዱትን ትተው አዲሱን ይዘዋል፤ እነርሱ የመንገዱን ጎን ከለወጡ እኛ ታክሲ የሚቆምበትን ቦታ መለወጥ ያቅተን ይሆን?

በክፍላችን ብዙ ጊዜ የተከራከርነው ስለ ድልድይ ነው። እኩሌቶቹ ጓደኞቼ የእግረኛ ድልድይ ይሠራልን ብለን እንጠይቅ አሉ። ድልድይ ለዓይን ያምራል፥ ሲመረቅም ሪባን ይቆረጥለታል። ነገር ግን ሸክም ያዘለች እናት፥ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ፥ እግሯ በጄሶ የታሰረ ተማሪ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይወጡታል? በቀለበት መንገድ ላይ እንደምናየው ድልድዩ እዚያ ቆሞ ሳለ ብዙ ሰው በሥሩ አጥሩን ዘሎ ይሻገራል። ሰውን ስንፍናው ነው ብሎ መስደብ ይቀላል፤ ግን ደርሶ ለመመለስ ከሚፈጀው ጊዜና ድካም የተነሣ ነው። በመጨረሻ ድልድዩ ተሸነፈ፥ በአራት ድምፅ ብልጫ።

ለሦስተኛው ስብሰባ የሚቀርበው ጽሑፍ እንግዲህ አንድ ገጽ ነው፤ አጭር ያደረግነውም ሆን ብለን ነው። በመጀመሪያ ቦታው ተጽፏል፤ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ጉሊቱ ድረስ። ከዚያ ሰዓቱ፤ ጧት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት፥ ከሰዓት በኋላም ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት፥ በዚህም ሰዓት የጎረቤታችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት እንደሚያልፉ። ከዚያ አደጋው እንዴት እንደሚሆን፤ በቆመ ታክሲ የተጋረደው ልጅና በሁለተኛው መሥመር የሚመጣው መኪና። አንድ ተማሪ ጓደኛችን ሥዕሉን በእርሳስ ስሎታል፤ ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉ ብዙ ይናገራል። የምንጠይቀውም ይኸው ነው፤ ዜብራው እንደገና ይቀባልን፥ የታክሲው መቆሚያ ከዜብራው 30 እርምጃ አልፎ ይዛወር፥ በዜብራው ወዲያና ወዲህ የፍጥነት መግቻ ይሠራ፥ ቦዩ ይጠረግ። ቦዩን በሚመለከት ግን ለመንግሥት ብቻ አልተውነውም፤ አካፋና ዶማ ያለው ወላጅ ካገኘን ተማሪው ራሱ በአንድ ቅዳሜ ይጠርገዋል።

ይህን ስንጽፍ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መንገድ የሚቀባ አለመሆኑን ነው። መንገድ የሚሠራውና የሚጠግነው የከተማው የመንገዶች ባለሥልጣን ነው፤ የምልክትና የመቆሚያ ነገር የትራፊክ ማኔጅመንቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚቆጣጠረው የትራፊክ ፖሊስ ነው። የወረዳው ድርሻ የነዋሪውን ጥያቄ በማኅተሙ አጽንቶ ለእነዚህ መላክ ነው። በሁለቱ ስብሰባዎች እኛ ከወረዳው ላይ የሌለውን ቀለም ስንጠይቀው ኖረናል፤ «ለሚመለከተው ክፍል» የሚለውም መልስ የመጣው ከዚህ ነው። አሁን ክፍሉ በስም ተጽፏል፤ ወረቀቱም በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቷል። በስብሰባው ላይ ለሚነሣው ተናጋሪ የሰጠነው ጥያቄም አንድ ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን ማን ይልካል፥ እስከ ስንት ቀንስ ይልካል? መልሱ በቃለ ጉባኤው ላይ እስኪጻፍ ድረስ እንዳይቀመጥ ነግረነዋል።

ስለ ሾፌሮችም ጥቂት ልናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሾፌር አባት ያላቸው ተማሪዎች አሉ፥ በሁለቱ ስብሰባዎችም አባቶቻቸው በሌሉበት ብዙ ተሰድበዋል። የአንድ ጓደኛዬ አባት የታክሲ ሾፌር ናቸው። በዜብራው ላይ ስለ መቆማቸው ስንጠይቃቸው አልተቆጡም። «ልጄ፥ ለባለመኪናው በየቀኑ የማስገባው ገንዘብ አለ። እኔ አልፌ ብቆም የኋላዬ ሰው እዚያው ቆሞ ሰዉን ይወስድብኛል። ሁላችንም አልፈን እንድንቆም ቢታዘዝ ግን እኔ ምን ቸገረኝ?» አሉን። ይህን መልስ ከሰማሁ ወዲህ ሾፌሩ ጨካኝ ስለ ሆነ ነው የሚለው ነገር አይጥመኝም። ወረቀቱም ላይ ከወላጆች ሁሉ በፊት የፈረሙት እርሳቸው ናቸው። ሌላው ቅሬታ የፍጥነት መግቻው መኪና ይሰብራል የሚል ነው። በድንገት በሌሊት የሚገኝና ቀለም የሌለው መግቻ እውነትም ይሰብራል፤ ስለዚህ ምልክቱ ከሩቅ እንዲታይ አብረን ጠይቀናል።

ተማሪው ራሱ ይጠንቀቅ የሚለውንም ምክር አልቃወምም። ነጭ ሰደርያ ለብሰው የ«ቁም» ምልክት ይዘው በየጧቱ የሚያሻግሩን ተማሪ ትራፊኮቻችን በብርድም በዝናብም ቆመዋል፤ ዛሬ በበዓላችን ቀን ሽልማት ቢሰጣቸው ደስ ባለኝ። ስልክ እያዩ መሻገርም ነውር ነው። ነገር ግን መንገድ የሚሠራው ለማይሳሳት ሰው ብቻ ከሆነ፥ የ7 ዓመት ሕፃን፥ ዓይናቸው የደከመ አያት፥ ፈተና የቀረበበት ተማሪ በየት በኩል ይሻገሩ? የ7 ዓመት ልጅ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት ገምቶ መሻገር እንዲችል መጠበቅ፥ አልጀብራ እንዲሠራ እንደ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው ስብሰባ የሚሆነው ከዛሬ አሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለ ሆነ ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲዛወር በዲሬክተራችን ፊርማ ጠይቀን ተፈቅዶልናል፤ እማማም ጉሊታቸውን ለልጃቸው ትተው እንደሚመጡ ቃል ሰጥተውናል፤ የመንገዱን ነገር የሚያስረዱት እርሳቸው ናቸው። የመንገዱ ጉዳይም ከ«ልዩ ልዩ» ወጥቶ በሁለተኛ ተራ ቁጥር ተይዟል። ከወላጆች የምንለምነው ስምንት ሰዓት ላይ እንዲገኙና የመጨረሻው ቃል እስኪጻፍ ድረስ ወደ ቤታቸው እንዳይሄዱ ነው። ወረቀቱ አሁን ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ሥዕሉም ከጎኑ ተለጥፏል፤ እስክሪብቶም በክር ታስሮ ተቀምጧል። ፊርማ የሚቀበሉት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እዚያው ይጠብቃሉ።